በሌላ ሰው ፎቶ ላይ አስተያየት መስጠት፦ የሐረርና የድሬዳዋ አማተር ፎቶ አንሺዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በስልክም በካሜራም እያነሱ በቴሌግራምና በፌስቡክ ለሚለጥፉ፣ የሌላውንም ፎቶ አይተው አንድ የሚረባ ነገር ለማለት ለሚፈልጉ ነው። የትኛው ካሜራ ይገዛ የሚለውን እዚህ አናነሳም። ሰዓቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ምን ችግር አለው?

ችግር የለውም፤ ሰላምታ ነው። «ዋው»፣ «በርታ»፣ «እጅህ ይባረክ» ሰውን ደስ ያሰኛሉ። ነገር ግን ፎቶ አንሺው ነገ ካሜራውን ይዞ ወደ መጋላ (ገበያው) ሲወጣ የሚጠቅመው ነገር የለባቸውም። ጥሩ አስተያየት የፎቶውን የትኛውን ቦታ እንደሚመለከት ይናገራል፤ አንሺው በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበትም ይናገራል። «ብርሃኑ ደስ ይላል» አንዱንም አልያዘም። «ከግራ የገባው ብርሃን የሴትየዋን ጉንጭ አጉልቶታል፤ ቀኝ ዓይኗ ግን ጥላ ውስጥ ቀርቷል፤ ፊቷን ትንሽ ወደ በሩ ብታዞር ሁለቱም ይታዩ ነበር» የሚለው ሁለቱንም ይዟል።

«ኧረ አቦ፣ ይሄም ፎቶ ነው?» የሚለውም ያው ነው። ሲያሞግሱም ሲያጣጥሉም ቦታና ምክንያት ካልተነገረ ለአንሺው የሚተርፈው ስሜት ብቻ ነው።

አስተያየቱን ከምን ልጀምር?

ከዓይናችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ፎቶውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል እዩና ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሄደ አስተውሉ፤ ከዚያ እሱኑ ጻፉ። ይህን አንሺው ራሱ ሊያየው አይችልም። እሱ ቦታው ላይ ነበር፤ የገበያውን ጫጫታ ሰምቷል፣ ሴትየዋ ምን ብላ እንደሳቀች ያውቃል፣ ስለዚህ ፎቶው ውስጥ የሌለውንም ያያል። «መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ከኋላዋ ወዳለው ቢጫ ጄሪካን ነው፤ ፊቷን ያየሁት በኋላ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ምክር ትበልጣለች።

ቀጥሎ የተሳካውን አንድ ነገር ከነምክንያቱ ተናገሩ። ከዚያ የሚታረመውን አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ አይለፍ። መቅደም ያለበት በኤዲት የማይመለሰው ነው፦ ፎከሱ፣ የቆመበት ቦታ፣ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ የተነሳበት ቅጽበት። ቀለምና ክሮፕ (ጠርዙን መቁረጥ) የመጨረሻ ናቸው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከእነሱ ነው፤ ምክንያቱም ለመናገር ይቀላሉ። ሰባት ስህተት ከተዘረዘረለት ሰው አንዱንም የሚያርም ብዙ አይገኝም።

ፎቶው ብዥ ብሏል። «ብዥ ብሏል» ከማለት ሌላ ምን ልበል?

ምክንያቱን። የብዥታ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው፤ የአንዱን መፍትሔ ለሌላው መስጠት ሰውን ያሳስታል። ፎቶውን አጉሉና መርምሩ።

ሁሉም ነገር፣ ግድግዳውም ድንጋዩም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ፣ የአምፖል ነጥብም አጭር መስመር ከሆነ፣ የተንቀጠቀጠው እጅ ነው። የሸተሩ ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር ይስተካከል፦ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/50 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ። አብዛኛው ሰው በእጁ የያዘው ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ካኖን ወይም ኒኮን ስለሆነ 1/80 ይሻላል። ክርንን ከጎን ማጣበቅ ወይም ትከሻን ግድግዳ ላይ ማስደገፍም ይረዳል።

ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከተቀባ፣ የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው። ቆሞ ለሚያወራ ሰው 1/125፣ ለሚራመድ 1/250፣ ለሚሮጥ ልጅ ወይም ለሚያልፍ ባጃጅ 1/500 ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «መንቀጥቀጥ የሚከላከል ሌንስ ግዛ» የሚል ምክር ሲሰጥ እናያለን። ያ ሌንስ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ ነው፤ ባጃጁን አያቆምም።

የሰውየው ዓይን ብዥ ብሎ ጆሮው ወይም ከኋላው የተሰቀለው ሞሰብ ጥርት ካለ፣ ፎከሱ ቦታውን ስቷል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት እንደ ሴንሰሩ መጠን ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ትንሽ ዘንበል ሲል ዓይኑ ከዚያ ይወጣል። «የፎከስ ነጥቡን ለካሜራው የሚቀርበው ዓይን ላይ አድርገው፤ ወይም ኤፍ 4 ተጠቀም» በሉት።

ምንም ጥርት ያለ ነገር ከሌለ፣ ሁሉም ላይ ወተት የመሰለ ጉም ካለና መብራቶቹ ከተበተኑ ደግሞ ሌንሱ ቆሽሿል። በስልክ ፎቶ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፦ ከጣት የቀረ ቅባት፣ በላዩ የድሬ አቧራ። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል። ከዚህ በፊት ስለ ካሜራ ጥራት ማውራት ሰውን ያለ ጉዳይ ለወጪ መዳረግ ነው።

ፎቶው ራሱ ደካማ ይሁን ወይስ ስልኬ እንዴት አውቃለሁ?

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የፀጉርና የጨርቅ ዝርዝር ጠፍቶ ብታዩ በአንሺው አትፍረዱ። ስለ ጥራት ለመናገር ፎቶው እንደ ፋይል መላክ አለበት፤ «እንደ ፋይል ላክልኝና ልየው» ማለት ነውር የለውም። ፋይሉ ሲመጣ የተነሳበት ሸተር፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ያው ኤፍ) እና አይኤስኦም (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አብረውት ይመጣሉ፤ ጎግል ፎቶስ ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ስትገፉት ይታያሉ። ያኔ መገመት ይቀራል።

የራሳችሁንም ስክሪን ጠርጥሩ። ማታ ዓይን እንዳያደክም ተብሎ ስክሪኑን የሚያቢጨው ሁነታ በርቶ ከሆነ የሰውን ቀለም «ቢጫ በዝቶበታል» እያላችሁ የራሳችሁን ስልክ ነው የምትተቹት። ፀሐይ ላይ ቆሞ ማየትም ጥሩ ፎቶን ጨለማ ያስመስላል። ቤት ግቡ፣ ብሩህነቱን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ተናገሩ።

ፊቱ ጠቁሮ ነጠላው ነጥቶ የወጣ ፎቶ ላይ ምን ይባላል?

በአካባቢያችን በጣም የሚያጋጥም ጉዳይ ነውና ሰፋ አድርገን እንየው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። በኖራ ነጭ ከተቀባ የሐረር ግድግዳ ፊት ጠይም ሰው ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ «በዝቷል» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ፊቱም አብሮ ይጠፋል። ምክሩ «ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን ወደ +0.7 ወይም +1 አድርገው» ነው፤ ካሜራው ከመረጠው ብርሃን በላይ ወይም በታች የሚያደርገው ቅንብር ነው። በስልክ ከሆነ ፊቱን መንካትና ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መሳብ። ተቃራኒውም አለ፦ ጥቁር በር ውስጥ የቆመ ጠይም ሰው ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ያለ ልክ ያነጣዋል፤ የቆዳው ቀለም ግራጫና አመድ ይመስላል። ያኔ ወደ −0.7 መውረድ ነው።

ፀሐይ ላይ ፊትና ነጠላ አብረው ሲሆኑ ግን ቁጥር ብቻውን አያድንም። ፊቱን ብታወጡ ነጠላው ይቃጠላል፣ ነጠላውን ብታድኑ ፊቱ ይጠቁራል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ላይ የሚነሱት ፎቶዎች ግማሾቹ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። መቃጠሉን ለማረጋገጥ የነጠላውን ድርና የጥበቡን ጠርዝ ፈልጉ። ክሩ ከታየ ደህና ነው፤ ወረቀት የመሰለ ባዶ ነጭ ከሆነ ሄዷል። በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ ፋይል) ከተነሳ አይመለስም፤ በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) ከተነሳ ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ጠቃሚው አስተያየት «ኤክስፖዠር ቀንስ» ሳይሆን «ሰውየውን ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ አስገባው» የሚለው ነው። ሰውየውን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ደግሞ ነጠላውን ማዳንና ፊቱን በኋላ በኤዲት ማንሳት ይሻላል፤ ከጥላ ውስጥ የሚወጣ ነገር አለ፣ ከተቃጠለ ነጭ ግን አይወጣም።

ጁገል (የሐረር ግንብ) ውስጥ የተነሱ ፊቶች ለምን አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይሆናሉ?

ከግድግዳው የተነሳ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ፀሐይ አንዱን ቀለም የተቀባ ግድግዳ መትታ ትመለስና ማዶ የቆመውን ሰው ጉንጭ ትቀባዋለች። አስተያየት ሰጪዎች ቶሎ ብለው «ዋይት ባላንሱን አስተካክል» ይላሉ። ዋይት ባላንስ (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው ቅንብር) ግን ፎቶውን በሙሉ ነው የሚለውጠው፦ አረንጓዴውን ጉንጭ ሲያስተካክል ሌላኛው ጉንጭ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ ኤዲት ማድረጊያ ላይ የተመረጠ ቦታን ብቻ በሚያርመው መሣሪያ ጉንጩ ላይ ነጥብ አድርጎ የቀለሙን ድምቀት መቀነስ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውየውን መንገዱ ወደሚሰፋበት መታጠፊያ ማምጣት ነው፤ እዚያ ብርሃኑ ከሰማይ ይመጣል። ነጭ ግድግዳ ከተገኘ ደግሞ በነፃ የተገኘ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ) ነው።

የገበያ ሸራም እንዲሁ ያደርጋል። ከሰማያዊ ላስቲክ ሥር የተነሳች ነጋዴ የታመመች ትመስላለች። «ቀለሙ ከተበላሸ ጥቁርና ነጭ አድርገው» የሚለው ምክር አንዳንዴ ያዋጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ማምለጫ ነው። ሐረርን ያለ ቀለሟ ለማሳየት ከዚያ የተሻለ ምክንያት ያስፈልጋል።

«በቀትር አታንሳ» ማለት ጥሩ ምክር ነው?

እውነት ነው፣ ግን ርካሽ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ 6 ሰዓት ገደማ ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በቀረውም ዓመት ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ ያለች ናት። የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ አፍንጫ ከከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2፣ ከአመሻሹ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ያለው ብርሃን ይሻላል፤ ይህንን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ገበያው የሚደምቀው፣ ሥራው የሚሠራው ረፋዱ ላይ ነው፤ አንሺው ሰዎቹን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አያገኛቸውም።

ስለዚህ በዚያው ሰዓት ምን ይደረግ እንደነበር ንገሩት። በረንዳ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ። በግንቡ በር ቅስት ሥር። የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ከሆነ በዛፎቹ ጥላ፤ ግን ቅጠል መሀል የሾለከ ፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ እንዳይሠራ ጥላው ሙሉ መሆኑ ይታይ። አለበለዚያም ፊትን ትቶ ቀትርን የሚወድ ነገር መፈለግ ነው፦ የግድግዳ ጥላ፣ የደረጃ መስመር፣ ቅርጹ ብቻ የሚታይ ሰው።

የጅብ ማብላት ፎቶ ላይ ምን ልመልከት?

ዓይኖቹ እንደ ባትሪ አብርተው ከወጡ ፍላሹ ሌንሱ አጠገብ ነበር ማለት ነው። የጅብ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ከሌንሱ አጠገብ የወጣ ብርሃን በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ፍላሹን ማጥፋትና ከጎን የሚመጣ ብርሃን፣ ለምሳሌ የባጃጅ መብራት፣ መጠቀም ይሻላል። የመብራት ቢጫነት ካለ በኤዲት ይስተካከላል።

ጅቡ ጥላ መስሎ ተቀብቶ ሥጋ የሚያበላው ሰውዬ ግን ጥርት ካለ፣ የስልኩ የማታ ሁነታ በርቶ ነበር። ያ ሁነታ ለአንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ ጅብ ደግሞ አይቆምም። ያጥፋው። በካሜራ ከሆነ ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይኤስኦ 3200 ጥሩ መነሻ ነው። የሚወጣውን ፍርፍር (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ስለ ጨለማው ታገሡት፤ ፍርፍር ያለበት ጥርት ያለ ጅብ ንጹሕ ሆኖ ከተቀባው ይሻላል።

ከዚህ ሌላ፣ ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ ተነስቷል። ጅብ፣ እንጨት፣ ሥጋ፣ ሰው፤ ያው ነው። «ቱሪስቷ ስትደነግጥ ፊቷን ብታነሳው?» ብሎ መጠየቅ ስለ አይኤስኦ ከማውራት ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል።

ግንቡና በሩ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ስህተት ነው?

ካሜራው ወደ ላይ ሲቀና ቀጥ ያሉ መስመሮች ወደ ውስጥ ይዘማሉ። ሸዋ በርን ወይም ቡዳ በርን ከሥሩ ሆኖ ያነሳ ሁሉ ያጋጥመዋል። ወደ ኋላ መራቅ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከታች የተረፈውን አስፋልት መቁረጥ ይሻላል። በስናፕሲድ ማቃናትም ይቻላል፤ ግን ጠርዙን ስለሚበላ ሲነሳ ዙሪያውን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። መራቅ በማይቻልበት ጠባብ መንገድ ሰፊውን የ0.5 ሌንስ የሚጠቀሙ አሉ፤ እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ይለጠጣልና ሰዎቹ ወደ መሀል ይሁኑ። ዝመቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ግን በደንብ ይዘም፤ ትንሽ የዘመመ ሁሌም ስህተት ይመስላል።

ሰውየው መሀል ላይ ነው፤ «ወደ አንድ ሦስተኛው አምጣው» ልበል?

ይህ ፎቶውን ለሦስት ከፍሎ ሰውየውን ከመከፋፈያ መስመሮቹ በአንዱ ላይ ማድረግ ነው፤ ምክንያት ካላችሁ በሉት። የሚያይበት አቅጣጫ ቦታ ካጣ፣ አዎ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቅስት መሀል ከሆነ ግን መሀሉ ቦታው ነው።

ፎቶውን ራሴ ኤዲት አድርጌ ባሳየው?

መጀመሪያ ጠይቁት። የፎቶው መብት የአንሺው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ከፈቀደ በግል ላኩለት፤ ምን እንዳደረጋችሁም በቁጥር ጻፉለት፦ ጥላውን 30 አነሳሁ፣ ከቀኝ ይህን ያህል ቆረጥኩ። ውጤቱን ብቻ ማሳየት «እኔ እችላለሁ» እንደማለት ነው፤ ለአንሺው ግን መንገዱ ነው የሚጠቅመው።

ያለ ፈቃድ የተነሳ የሚመስል ሰው ፎቶ ላይስ?

ስለ ብርሃኑ ከመናገር በፊት «ፈቅዳልሃለች?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ከዚህ ውጪ የሆኑትን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ በአደባባይ የሚደረግ በዓል። የሹዋልኢድ (የሐረሪዎች በዓል) ጭፈራና በሰው ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠች እናት አንድ አይደሉም። ይህንን በአደባባይ ከመጻፍ ይልቅ በግል መላክ ይሻላል፤ ሰውየው ፎቶውን ለማውረድም ይቀለዋል።

አንተ ልበል እርስዎ?

ድሬ ላይ በአካል ሲሆን አንተ መባባል ወግ ነው፤ ትልቅ ትንሹም አይቀየምበት። በጽሑፍ ግን ፈገግታው አይታይም፤ አንባቢውም ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የማታውቁትን ሰው እርስዎ በሉት፤ እሱ «አቦ አንተ በለኝ» ሲል ትቀይራላችሁ። ሌላው መላ ስለ ፎቶው እንጂ ስለ ሰውየው አለመናገር ነው፦ «አድማሱ ወደ ግራ ወርዷል» ይበቃል፤ «አድማስ ማስተካከል አትችልም» አያስፈልግም።

ከእኔ የሚበልጥ ሰው ፎቶ ላይ ምን አቅም አለኝ?

ዓይን። ስለ ቅንብሩ ባታውቁም የት እንዳያችሁ፣ ምን እንዳልገባችሁ መናገር ትችላላችሁ። «ሰውየው የያዘው ነገር ምን እንደሆነ አልለየሁም» የሚለውን ማንም ባለሙያ በደስታ ይቀበላል።

ቢቆጣስ?

አትመላለሱ። አንዴ አስረዱ፤ ከዚያ ተዉት። የጠየቀው ምስጋና ብቻ ከነበረ «አስተያየት እፈልጋለሁ» እስኪል ድረስ ማለፍ ነው።

ለራሴ ፎቶ ጥሩ አስተያየት ለማግኘት እንዴት ልለጥፍ?

አሥር ሳይሆን አንድ ፎቶ። ምን ለማሳየት እንደፈለጋችሁ በአንድ መስመር፣ ሰዓቱንና ቦታውን በአንድ፣ የሚያጠራጥራችሁን ጥያቄ በአንድ፦ «ከኋላ ያለው ፔጆ ይረብሻል ወይስ ይረዳል?» ጥያቄ የሌለው ፎቶ «ዋው» ነው የሚያገኘው። ኤዲት ያልተደረገውንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ጥፋቱ ከማንሳቱ ይሁን ከማስተካከሉ የሚለየው በሱ ነው። እንደ ፋይል የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ የተነሳበትን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት የካሜራውን የቦታ ምዝገባ ዝጉ፤ ቀድሞ የተነሳ ከሆነ ከፋይሉ ላይ አጥፉት።